አንድ ፋይል፣ ሁለት ጸሐፊ

አንዲት እህት ከጅማ የላከችልኝ ጥያቄ ነው። አጠር አድርጌ ላስቀምጠው።

«በአንድ መሥሪያ ቤት የሲስተም ባለሙያ ነኝ። 14 ሰርቨሮች አሉን፣ ሁሉም ኡቡንቱ ሊኑክስ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ ድሮ የተጫነው የዴስክቶፑ ኡቡንቱ ነው። ኮንፊገሬሽናቸውን (ቅንብራቸውን) የምናስተዳድረው ፓፔት በሚባል መሣሪያ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ሰላም አጣሁ። ሁለቱ ሰርቨሮች ላይ ፓፔትን በእጄ ሳስነሳው የክሮኒ (የሰዓት ማስተካከያው ፕሮግራም) ፋይል ሁለት ጊዜ ታውጇል ብሎ ያቆማል። ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የዲኤንኤስ (የስም ፈላጊ ሰርቨሮች) አድራሻ የሚጻፍበት ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ በራሱ ይቀየራል። አስተካክለዋለሁ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሌላ ሆኖ አገኘዋለሁ። ባልደረባዬ ሲመረው ፋይሉን ቻተር በሚባል ትእዛዝ እንዳይቀየር ቆለፈው። ለጊዜው ተገላገልን። ባለፈው ሳምንት የዲኤንኤስ አድራሻ ስንቀይር ግን ፓፔት በየግማሽ ሰዓቱ ቀይ የስህተት መልእክት መጻፍ ጀመረ። ማን ነው የሚነካብኝ? የትኛውንስ ላጥፋ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። እስኪጣራ ድረስ ምንም አታጥፊ። «የትኛውን ላጥፋ» የሚለው በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መመለስ ያለበት «ይህን ፋይል የሚጽፈው ማን ነው» የሚለው ነው። እንደማየው በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችግሮች አሉ። መነሻቸው ግን አንድ ነው። አንድ ፋይል ሁለት ጸሐፊ አግኝቷል።

እንደ ፓፔት ያሉ የቅንብር ማስተዳደሪያ መሣሪያዎች ከጥንስሳቸው የቆሙት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው። ማርክ በርጅስ እ.ኤ.አ. በ1993 ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሲኤፍኤንጂንን ሲጽፍም፣ ሉክ ኬኒስ በ2005 ፓፔትን ሲያወጣም ሐሳቡ ያው ነበር። አንቺ ፋይሉ ምን መምሰል እንዳለበት ትናገሪያለሽ። ፕሮግራሙ እየሄደ ያያል። ካልመሰለ ይመልሰዋል። ማን እንደቀየረው አይጠይቅም፤ ለምን እንደተቀየረም አይጠይቅም። ፓፔት ሌላ ካልተነገረው በቀር ይህን በየ30 ደቂቃው ያደርጋል። እንግዲህ ያው ባሕርይ ያለው ሌላ ፕሮግራም እዚያው ሰርቨር ላይ ካለ ሁለቱ ፋይሉን ሲገለባብጡት ይኖራሉ። አንዱም አይደክመውም። የሚደክመው ሰው ነው።

ከክሮኒው እንጀምር። እሱ ከሦስቱ ቀላሉ ይመስላል፤ እኔን ግን በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ፓፔት ሰርቨር ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ካታሎግ ያዘጋጃል። ካታሎግ ማለት «በዚህ ማሽን ላይ እነዚህ ፋይሎች፣ እነዚህ ፓኬጆች፣ እነዚህ ሰርቪሶች እንዲህ ይሁኑ» የሚል ሙሉ ዝርዝር ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ አንድ ፋይል በአንድ ስም ሁለት ጊዜ ከገባ ፓፔት የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም። ስለዚህ ካታሎጉን ጨርሶ አይሠራውም። የስህተቱን መልእክት እስከ መጨረሻው አንብቢው። ውስጡ ሁለት አድራሻ አለ። አንደኛው ቀድሞ የታወጀበት ፋይልና የመስመር ቁጥር ነው። ሁለተኛው የተደገመበት ነው። ሁለቱንም ክፈቺና ጎን ለጎን አስቀምጪ። ብዙ ጊዜ የምታገኚው ይህንን ነው፦ አንዱ ሁሉም ሰርቨር ላይ የሚጫነው መሠረታዊው ሞጁላችሁ (የፓፔት መመሪያዎች ጥቅል) ነው። ሌላው ከውጭ ያመጣችሁት ሞጁል ነው፤ ለዳታቤዝ ወይም ለክትትል ተብሎ የመጣ። እሱም በበኩሉ «ሰዓት ትክክል መሆን አለበት» ብሎ የራሱን የክሮኒ ፋይል ይዞ መጥቷል። ሁለቱ ሰርቨሮች ብቻ የታመሙት ሁለቱንም ሞጁል ስለተሸከሙ ነው።

አሁን ያሳሰበኝን ልንገርሽ። «በእጄ ሳስነሳው ያቆማል» ብለሻል። በእጅሽ ስታስነሺው ቴስት የሚለውን ምርጫ ትጠቀሚያለሽ ብዬ እገምታለሁ። ቴስት ስህተቱን ፊት ለፊት ያሳይና ያቆማል። ከበስተጀርባ በየግማሽ ሰዓቱ የሚሄደው ፓፔት ግን እንደዚያ አያደርግም። አዲስ ካታሎግ ሲያጣ ቀድሞ ያስቀመጠውን አሮጌ ካታሎግ አውጥቶ በእሱ ይሠራል። ይህ ነባሪው አሠራሩ ነው። ለደግ ነው የተሠራው። ጅማ ላይ መብራት ሄደ እንበል። መብራት ሲመጣ የፓፔቱ ሰርቨር ገና ሳይነሳ ሌሎቹ ቢነሱ በአሮጌው ካታሎግ ቆመው ይጠብቁታል። ጥሩ ነው። ያንቺ ሁለት ሰርቨሮች ግን ሁለት ወር ሙሉ በአሮጌው ካታሎግ ላይ ናቸው ማለት ነው። ከላይ ሲታዩ ሰላም ናቸው። ሰርቪሱ ይሠራል፣ ፓፔት ይነሳል፣ ይተኛል።

በእነዚህ ሁለት ወራት በፓፔት በኩል ያስተላለፍሽው ለውጥ ሁሉ እነዚህ ሁለቱ ጋ አልደረሰም። ከሥራ የለቀቀ ሰው ካለና አካውንቱን በፓፔት ካጠፋሽው፣ እዚያ አሁንም ሊኖር ይችላል። የተቀየረ የይለፍ ቁልፍ ካለ አሮጌው እዚያ ይሠራል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሁለቱ ላይ ግቢና ጆርናሉን (የሲስተሙን መዝገብ) ተመልከቺ። «ካሽ የተደረገ ካታሎግ እየተጠቀምኩ ነው» የሚል መስመር ፈልጊ። ካለ ሌላውን ሥራ ሁሉ ተይውና ይህን አስቀድሚ።

መፍትሔውን በሚመለከት ኢንተርኔት ላይ ሁለት አቋራጭ ታገኛለሽ። አንዱ «ቀድሞ ካልታወጀ አውጅ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ማስገባት ነው። እባክሽ ይህን አታድርጊ። መልሱ የሚወሰነው የትኛው ሞጁል ቀድሞ ተነበበ በሚለው ነው። ዛሬ የሠራው ነገ አንድ መስመር ከቦታው ሲዛወር ይገለበጣል፤ ስህተትም አይነግርሽም። ሁለተኛው ስታንዳርድ ላይብረሪው ውስጥ ያለው ኢንሹር ሪሶርስ ነው። እሱ የሚያስታርቀው ሁለቱ አዋጆች ቃል በቃል አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው። ላንቺ አይሆንም፤ ሁለቱ የተለያየ ይዘት ይዘው ነው የመጡት።

የሚሻለው ቁርጥ ማድረግ ነው። የክሮኒ ባለቤት መሠረታዊው ሞጁላችሁ ይሁን። የውጭው ሞጁል አብዛኛውን ጊዜ «ሰዓቱን አንተ አትያዝ» የሚባልበት ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ በሂየራ (የፓፔት የቅንብር እሴቶች ማስቀመጫ) ዝጊው። እሱ የሚፈልገው የተለየ የሰዓት ምንጭ ካለ ዋናውን ፋይል ሳይነካ ማስገባት ይቻላል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው ክሮኒ ሶርስስ ዶት ዲ የሚባል ማውጫ ያነባል። እያንዳንዱ ሞጁል የራሱን ትንሽ ፋይል እዚያ ያኖራል። ማንም የማንንም አይረግጥም። የፋይሉ ስም ሶርስስ በሚለው ቅጥያ ማለቅ እንዳለበት ብቻ አትርሺ፤ አለበለዚያ ክሮኒ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ድምፅ የሌለው ዘመድ ልጨምር። ሙሉ ፋይሉን የሚያውጅ ሞጁልና እዚያው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ብቻ የሚያስገባ ፋይል ላይን የሚባለው ነገር አብረው ሲኖሩ ፓፔት ግጭት መሆኑን አያውቅም። ዓይነታቸው ስለሚለያይ ይፈቅዳቸዋል። ከዚያ በየዙሩ አንዱ መስመሩን ያጠፋል፣ ሌላው ይመልሳል። የመጨረሻው ውጤት ልክ ሊመስል ይችላል። ሰርቪሱ ግን በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሳ ይተኛል። መለያው ቀላል ነው። ፓፔትን በቴስት ሁለት ጊዜ አከታትለሽ አስነሺ። የመውጫ ኮዱን እዪ። 0 ምንም አልተቀየረም ነው። 2 የተቀየረ አለ ነው። 4 የከሸፈ አለ ነው። 6 ሁለቱም ነው። የመጀመሪያው ዙር 2 ቢሰጥ ምንም አይደለም። ሁለተኛውም ዙር 2 ከሰጠ ግን እዚያ ውስጥ ሁለት እጅ አለ።

ወደ ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ እንለፍ። እዚህ ጋ ረጋ እንበል፤ ነገሩ ከሚመስለው በላይ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን ክፈቺና አናቱን አንብቢ። ብዙ ፕሮግራሞች ስማቸውን እዚያ ይጽፋሉ። «በኔትወርክ ማናጀር የተፈጠረ» የሚል ካገኘሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል፤ እሱ የኔትወርክ ግንኙነቶችን የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነው። የዴስክቶፑ ኡቡንቱ ተጭኗል ስላልሽኝ የምጠረጥረው እሱኑ ነው። የሰርቨሩ ኡቡንቱ ኔትወርክ ማናጀርን በነባሪ አይጠቀምም፤ የዴስክቶፑ ይጠቀማል። ከ14ቱ ውስጥ የሚረብሹሽ እነዚያ የዴስክቶፖቹ ብቻ መሆናቸውን አጣሪ። ከሆነ ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ኡቡንቱ ላይ ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ ሲፈጠር ፋይል አይደለም። ሲምሊንክ ነው። ራን በሚባለው ማውጫ ስር ሲስተምዲ ሪዞልቭድ (የዲኤንኤስ ጥያቄዎችን የሚያስተናግደው ሰርቪስ) ወደሚጽፈው ፋይል የሚያመለክት ጣት ነው። ፓፔትን «ይህ ፋይል ይሁን፣ ይዘቱም ይህ ይሁን» ስትዪው ሲምሊንኩን ያነሳና በቦታው እውነተኛ ፋይል ያስቀምጣል። ኔትወርክ ማናጀር ደግሞ የራሱ ደንብ አለው። ሲምሊንኩ ወደ ሪዞልቭድ እያመለከተ እስካየው ድረስ ፋይሉን አይነካም፤ አድራሻዎቹን ለሪዞልቭድ ያቀብላል። በቦታው ተራ ፋይል ካገኘ ግን «የእኔ ነው» ብሎ ራሱ ይጽፍበታል። ነገሩ ገባሽ? በሩን የከፈተለት ፓፔት ነው። ፓፔት ከመግባቱ በፊት ጠቡ አልነበረም።

መብራት ሲመጣ ለምን እንደሚብስም ከዚህ ግልጽ ይሆናል። ሰርቨሩ ሲነሳ ኔትወርክ ማናጀር ግንኙነቱን ያነሳል፣ ከዲኤችሲፒ (የኔትወርክ አድራሻ በራሱ ከሚያድለው) የመጣለትን ዲኤንኤስ ይጽፋል። ፓፔት የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በመካከል ያለው ጊዜ ያንቺ ስቃይ ነው።

ይህ ግምት ነው። ግምት ላይ ተመሥርተሽ 14 ሰርቨር አትቀይሪ። ማስረጃ ያዢ። ለዚህ ከኦዲትዲ፣ ፋይልን ማን እንደነካ ከሚመዘግበው፣ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ኡቡንቱ ላይ አስቀድሞ አይመጣም፤ በአፕት (በፓኬጅ መጫኛው) ጫኚው። ከዚያ በኦዲትሲቲኤል አንድ ጠባቂ ታቆሚያለሽ። በደብልዩ ምርጫ የፋይሉን አድራሻ ትሰጫለሽ። በፒ ምን ሲደረግ እንዲመዘግብ እንደምትፈልጊ ትናገሪያለሽ፤ መጻፍና ባሕርይ መቀየር ይበቃል። በኬ ለጠባቂው ስም ታወጪለታለሽ። ይህን በትእዛዝ መስመር ብቻ ካደረግሽው ሰርቨሩ ሲጠፋ ጠባቂውም ይጠፋል። ያንቺ ችግር የሚመጣው ደግሞ ልክ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ደንቡን ሩልስ ዶት ዲ በሚባለው ማውጫ ውስጥ በፋይል አኑሪው።

ፋይሉ እንደገና ሲቀየር ኤዩሰርች በሚባለው ትእዛዝ፣ ባወጣሽለት ስም ፈልጊ። በሰው ቋንቋ እንዲተረጉመው አይ የሚለውን ምርጫ ጨምሪበት። የሚመጣልሽ ጽሑፍ ዝብርቅርቅ ይመስላል። አትደንግጪ። ሁለት ነገር ብቻ ፈልጊ። አንደኛው ኤክስኢ የሚለው ነው፤ ፋይሉን የነካው ፕሮግራም ሙሉ አድራሻ አጠገቡ አለ። ሁለተኛው ኤዩአይዲ የሚለው ነው። እሱ መጀመሪያ የገባውን ሰው ይነግርሻል። ሰውየው በሱዶ ሩት (ሙሉ መብት ያለው ተጠቃሚ) ቢሆን እንኳ ኤዩአይዲው አይቀየርም። እዚያ ላይ «አንሴት» የሚል ካየሽ ሰው አይደለም፤ ከሲስተሙ ጋር የተነሳ ሰርቪስ ነው። የሰው ስም ካየሽ ደግሞ አንድ ሰው ገብቶ በእጁ ወይም በስክሪፕት ቀይሮታል።

የሰው ስም ካገኘሽ አንድ ነገር አደራ። ማስረጃውን ይዘሽ ስብሰባ ላይ አታውጪው። ብዙ ጊዜ ያ ሰው ሌሊት ተደውሎለት፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ የቻለውን አድርጎ ነው። ሻይ ይዛችሁ ብቻችሁን ተነጋገሩ። ነገ ነገር የሚደብቅሽ ባልደረባ ካለሽ ምንም ኦዲት አያድንሽም።

የሰዓቱን ነገር ደግሞ ልብ በዪ። እኔ ራሴ ሦስት ቀን የተቀጣሁበት ነው። እዚሁ ጅማ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሳግዝ ተመሳሳይ ችግር ነበር። ሠራተኞቹ «ማታ 3 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው የሚበላሸው» አሉኝ። እኔ ሎጉ ውስጥ 21:40ን ፈለግሁ። ምንም የለም። ወደ 3:40 ሄድኩ። ምንም የለም። ሰርቨሩ የተተከለው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነበር። ዩቲሲ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ የእኛ ማታ 3:40 በ24 ሰዓት አቆጣጠር 21:40 ይሆናል፤ ያ ሰርቨር ሎግ ውስጥ ግን 18:40 ተብሎ ነው የተጻፈው።

በመጨረሻ የረዱን የግቢው ዘበኛ ናቸው። ጄኔሬተሩን የሚያስነሱት እሳቸው ናቸው። ጀርባው የተቀደደ ባለ 50 ገጽ ደብተር አላቸው። እያንዳንዱን በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፋሉ፦ «ማክሰኞ። ሄደ 3:05። መጣ 3:40።» ናፍጣ ስንት እንደገባ ሳይቀር አለ። ደብተሩን ለምኜ ወሰድኩና ከሎጉ ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁት። መብራት በመጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፋይሉ ይቀየራል። አንድም ቀን አልሳተም። እንደዚያ ያለ ጥንቁቅ መዝገብ ብዙ የተማረ ባለሙያ ዘንድ አላየሁም። እናንተም ግቢ እንዲህ ያለ ደብተር ካለ ፈልጊው። ከሎግሽ ቀጥሎ ዋናው ማስረጃሽ ነው። የሁሉንም ሰርቨር የሰዓት ክልል ደግሞ አንድ አድርጊ። አዲስ አበባ ይሁን ወይ ዩቲሲ ይሁን፣ አንድ ይሁን።

ጥርጣሬዬ ልክ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፋይሉን ለፓፔት መስጠት ነው። ኔትወርክ ማናጀር በሚያነበው ኮንፍ ዶት ዲ ውስጥ በፓፔት አንድ ትንሽ ፋይል ታኖሪያለሽ። ሜይን በሚለው ክፍል ስር ዲኤንኤስ ኖን የሚል መስመር ብቻ አለው። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ ማናጀር ሪዞልቭ ዶት ኮንፍን አይነካም። ሁለተኛው ፋይሉን ለባለቤቱ መመለስ ነው። ፓፔት ሲምሊንኩን ብቻ እንዲጠብቅ ታደርጊያለሽ፤ ወደ ሪዞልቭድ እያመለከተ መሆኑን። የምትፈልጊውን የዲኤንኤስ አድራሻ ደግሞ ሪዞልቭድ ዶት ኮንፍ ዶት ዲ ውስጥ ታስቀምጫለሽ።

እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ኡቡንቱን ባሳደግሽ ቁጥር ሲስተሙ የሚጠብቀው ያንን ሲምሊንክ ነው። ከሲስተሙ ባሕርይ ጋር ከመታገል ፓፔትን ሲስተሙ የሚያነበውን ነገር እንዲጽፍ ማድረግ ይሻላል። ጸሐፊው የሚጽፈውን አትጻፊ፤ ጸሐፊውን እዘዢው። ከሁለተኛው ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዲኤችሲፒ የሚያመጣው ዲኤንኤስ በየኔትወርክ ካርዱ ስር መቆየቱ አይቀርም። እሱን የማትፈልጊ ከሆነ በኔትወርክ ማናጀር ግንኙነቱ ላይ የዲኤችሲፒውን ዲኤንኤስ እንዲተው አድርጊ። በኔትፕላን (በኡቡንቱ ሰርቨር የኔትወርክ ማዋቀሪያ) የሚሄዱት ላይም ዩዝ ዲኤንኤስ የሚለውን ፎልስ ማድረግ ትችያለሽ። በመጨረሻ ሪዞልቭሲቲኤል ስታተስ ብለሽ አረጋግጪ። ፋይሉን አንብቦ ማመን እዚህ አይሠራም። ፋይሉ ውስጥ የምታገኚው 127.0.0.53 ብቻ ነው፤ እውነተኞቹ አድራሻዎች ያሉት ሪዞልቭድ ዘንድ ነው።

ባልደረባሽ በቻተር ስላደረገው ቁልፍ ብዙ አልልም። ዛሬ ይፈታ። ቻተር ፕላስ አይ ሲደረግበት ሩትም ቢሆን ፋይሉን መቀየር አይችልም። ቁልፉ በተለመደው የፋይል መዘርዘሪያ ትእዛዝ በኤልኤስ አይታይም። የሚታየው በኤልኤስ አተር ነው። ከዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው «ሩት ሆኜ ለምን ተከለከልኩ» እያለ ግራ ይገባዋል። የፓኬጅ ፋይል ላይ ከተደረገ ደግሞ ዲፒኬጂ (ፓኬጅ የሚጭነው ፕሮግራም) መሐል መንገድ ላይ ያቆማል፣ ፓኬጁም ግማሽ ተጭኖ ይቀራል። ፓፔትም ቀይ የሚጽፈው ለዚህ ነው። የባሰው ነገር ያ ቀይ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ፓፔት አንድ ነገር ሲከሽፍበት በእሱ ላይ የተደገፉትን ሁሉ ይዘላቸዋል። ከዲኤንኤስ በኋላ ይሂድ ያልሽው ፓኬጅ ወይም ሰርተፍኬት ካለ እሱም አልሄደም። ሪፖርቱ ውስጥ «ተዘሏል» የሚሉትን ቁጠሪያቸው። ባልደረባሽ ግን ክፉ አላደረገም። ደም የሚፈስበትን ቦታ በጨርቅ አስሯል። አሁን ጨርቁ ተነስቶ ቁስሉ ይታከም።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። ፋይሉ ሳይጋጭ ቅንብሩ የሚጋጭበት ጊዜ አለ። ይህ የሚያስፈራው ፓፔት 0 እየሰጠሽ መሆኑ ነው።

ለምሳሌ ሰርቨር ውስጥ ከርቀት የሚገባበትን ኤስኤስኤችን ውሰጂ፤ ኤስኤስኤችዲ የእሱ ሰርቪስ ነው። ኡቡንቱ ላይ ዋናው የኤስኤስኤችዲ ፋይል አናቱ ላይ «ከዚህ ማውጫ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ አንብብ» የሚል መስመር አለው። ኤስኤስኤችዲ አንድን ቅንብር ሁለት ጊዜ ቢያገኝ የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው። አሁን አንቺ በፓፔት ዋናው ፋይል ውስጥ «በይለፍ ቃል መግባት አይቻልም» ብለሽ ጽፈሻል እንበል። ክላውድ ኢኒት የሚባለው የማሽን ማስጀመሪያ ፕሮግራም ደግሞ ማሽኑ ሲፈጠር በዚያ ማውጫ ውስጥ ቁጥሩ 50 የሆነ ፋይል ትቶ «ይቻላል» ብሏል። የሚያሸንፈው የክላውድ ኢኒቱ ነው፤ ቀድሞ ተነቧል። ፋይልሽ ትክክል ነው። ፓፔት ደስተኛ ነው። በሩ ግን ክፍት ነው።

ቁጥሩን 60 አድርገሽ ሌላ ፋይል ብታኖሪም አይረዳም። 10 ብታደርጊው ይረዳል። ሲስሲቲኤል (የከርነል ቅንብር) ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ የሚያሸንፈው የመጨረሻው ነው። ስለዚህ በልምድ አትሂጂ። ፕሮግራሙን ራሱን ጠይቂው። ኤስኤስኤችዲን በትልቁ ቲ ስታስነሺው በመጨረሻ የያዘውን ቅንብር ሁሉ ዘርዝሮ ያሳይሻል። 14ቱም ላይ ይህን አስነሺና «ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን» የሚለውን መስመር ለዪው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ኤንጂንኤክስ የተባለው ዌብ ሰርቨር ካላችሁም ሳይትስ ኢኔብልድ ውስጥ ተመልከቺ። ኡቡንቱ ላይ በዚያ ማውጫ ያለ ፋይል ሁሉ ይነበባል፤ ቅጥያው ምንም ይሁን። አንድ ሰው በኤዲተር ሲከፍተው የቀረ የመጠባበቂያ ቅጂ ካለ እሱም ይጫናል። በአንጻሩ የሱዶ መብት የሚሰጥበት ሱዶርስ ዶት ዲ ውስጥ ስሙ ላይ ነጥብ ያለበት ፋይል ጨርሶ አይነበብም። ፓፔት ፋይሉን አስቀምጦ «ጨረስኩ» ይላል፤ መብቱ ግን አልተሰጠም።

ፓኬጅ ሲታደስ የሚመጣው ግጭትም አለ። አንቺ የቀየርሽውን ፋይል አምራቹም ከቀየረው ዲፒኬጂ ቆሞ ይጠይቃል። በፓፔት የሚተዳደር ፋይል ከሆነ መልሱ ሁልጊዜ «የእኔን አቆይ» ነው። ፎርስ ኮንፍ ኦልድ የሚለውን በአፕት ቅንብር ውስጥ አስገቢው። የአምራቹ አዲስ ቅጂ ዲፒኬጂ ዲስት በሚል ቅጥያ አጠገቡ ይቀመጣል። በወር አንድ ቀን እነዚያን ፈልገሽ አንብቢያቸው፤ አዲስ የደኅንነት ቅንብር ይዘው የሚመጡበት ጊዜ አለ።

አሁን ሥራውን እንዴት እንደምትጀምሪ። ሁለቱን በአሮጌ ካታሎግ የቆሙትን አስቀድሚ። ክሮኒውን ከማስተካከልሽ በፊት ግን አንድ ነገር አስቢ። ካታሎጉ እንደተሠራ የሁለት ወር ለውጥ በአንድ ዙር ይወርድባቸዋል። ስለዚህ ቀን፣ ሰው ባለበት ሰዓት አድርጊው። መጀመሪያ በኑፕ አስነሺው። ኑፕ ምንም ሳይነካ «ይህን ይህን እቀይር ነበር» ይላል። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቢ። ከዚያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን።

ከዚያ ከዴስክቶፖቹ አንዱን ብቻ ምረጪ። ቁልፉን ፍቺ፣ ጠባቂውን ኦዲት አቁሚ፣ ሰርቨሩን አጥፍተሽ አስነሺ። መብራት እስኪሄድ አትጠብቂ። ማስረጃው ሲመጣ ሲምሊንኩን መልሺ። እንደገና አጥፍተሽ አስነሺ። ፓፔትን ሁለት ጊዜ አስነሺ፤ ሁለተኛው 0 መስጠት አለበት። ያ ሰርቨር አንድ ሳምንት ሳይነካ ከቆየ ወደ ሌሎቹ ሂጂ።

በየፋይሉ አናት ላይ ደግሞ አንድ መስመር ይኑር። የትኛው መሣሪያ፣ ከየትኛው ሞጁል እንደጻፈው ይናገር። ሌሊት የሚገባው ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። «በፓፔት የሚተዳደር» ብቻ አይበቃም። የሞጁሉን ስም ጻፊ፣ ሰውየው የት ሄዶ መቀየር እንዳለበት ይወቅ።

ኤክስኢ ላይ የወጣው ስም ኔትወርክ ማናጀር ካልሆነ አዲስ ነገር ነው። ሲፒ (የመቅጃ ትእዛዙ) የሚል ከሆነ የክሮን፣ ማለትም በሰዓታቸው የሚነሱ ሥራዎችን፣ ዝርዝሮች ፈትሺ፤ የሩትንም የሌሎቹንም። ፓይተን የሚል ከሆነ አንድ ሰው በአንሲብል፣ በሌላ የቅንብር ማስተዳደሪያ መሣሪያ፣ እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ አንሲብል በርቀት ሲገባ በፓይተን ነው የሚሠራውና ኤዩአይዲው ላይ የሰውየውን ስም ታገኛለሽ። ሁለቱም ካልሆነ ያንን መስመር እንዳለ፣ ከሰርቨሩ ሰዓት ክልልና ከዘበኛው ደብተር ጋር ላኪልኝ። አብረን እናየዋለን።